ስላይድ ሾው ልጨምር ብዬ ሶስት ሳምንት የከረምኩበት ጣጣ

ይሄን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ እስከዛሬ ስለምበግን ነው። ሀዋሳ ውስጥ ፎቶ አነሳለሁ፣ ሰርግ፣ ምረቃ፣ ልደት፣ ሲገኝ ደግሞ ሆቴልና ሎጅ። የራሴ ዌብሳይት ካለኝ ሶስት አመት ሆኖኛል ግን እውነቱን ለመናገር ስልክ ቁጥሬና አራት ፎቶ ብቻ ያለበት ወና ቤት ነበር። ስራህን አሳየኝ ለሚለኝ ሁሉ የቴሌግራም ቻናሌን ነበር የምልከው። ታዲያ ሀይቁ ዳር ያለ አንድ ሎጅ አዲስ ክፍሎቹን የሚያነሳለት ሰው እየፈለገ ነው ሲሉኝ ሄጄ ማናጀሩን አናገርኩት፣ ሰውየው ቴሌግራም ምናምን አልፈልግም፣ ዌብሳይት ካለህ ሊንኩን ላክና ሰኞ ከባለቤቶቹ ጋር ቁጭ ብለን እናየዋለን አለኝ። ቀኑ ሀሙስ ነው። ዌብሳይት አለኝ፣ ችግር የለም አልኩ። ምን አስቸኮለኝ?

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። ፎቶዎቼን ተራ በተራ የሚያሳይ ስላይድ ሾው ሳይቱ ላይ ልጨምር ብዬ ወሰንኩ፣ መስራቱ ራሱ ከባድ ነገር አይደለም። በነጻ የሚገኝ የተዘጋጀ ኮድ አለ፣ ሁለት ሶስት ፋይል ገጽህ ላይ ትጨምራለህ፣ የፎቶዎቹን ስም ተራ በተራ ትዘረዝራለህ፣ አለቀ። ዎርድፕረስ የምትጠቀሙ ደግሞ ፕለጊን የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ትጭናላችሁ፣ ኮድ ማየትም አይጠበቅባችሁም። እኔ ሁለት ሰዓት አልፈጀብኝም። ፎቶ መምረጡ ነው ሌሊቱን የበላው፣ ሲጨመቅ ሲጨመቅ 32 ቀረ።

ከዛ ስም። መጀመሪያ በአማርኛ ነበር የሰየምኳቸው፣ አሞራ ገደል ጠዋት፣ ታቦር ከላይ፣ ፍቅር ሀይቅ ማታ እያልኩ፣ ደስ ይል ነበር። ዚፕ አድርጌ ሰርቨሩ ላይ (ሳይቱ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ነው) ስፈታው ስሙ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ተደረደረ። ኋላ ሳጣራ ደግሞ ቢሰራም ሊንኩ አያምርም፣ ምክንያቱም አንዷ የአማርኛ ፊደል ሊንክ ውስጥ ስትገባ የፐርሰንትና የቁጥር ድርድር ሆና ዘጠኝ ቦታ ትይዛለች፣ አሞራ ገደል የሚለው ስም ብቻውን ከነክፍተቱ 57 ቦታ ፈጀ። ለደንበኛ እንዲህ አይነት ሊንክ ብትልክለት ቫይረስ ነው ብሎ ነው የሚዘጋው። ስለዚህ ተናደድኩና የኔን ስሞች ትቼ ካሜራው ራሱ በሰጣቸው ስም መለስኳቸው። የተበላሁት እዚህ ጋ ነው፣ ግን ያኔ አላወቅኩም።

አርብ ማታ ላፕቶፔ ላይ ስከፍተው እንዴት እንደሚያምር ልነግራችሁ አልችልም። በተለይ ሰባተኛዋ ፎቶ፦ አሞራ ገደል ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ አንዱ ልጅ ጀልባው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ቆሮሶ አሳ ሲገፍ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከጀርባው እንደ ሽማግሌ እጁን ወደኋላ አጣምሮ የቆመ ይመስላል፣ መንቁሩ ላይ አንዲት ቅርፊት ተለጥፋ ጸሀይ መትቷት ታበራለች። ለዛች ፎቶ ብዬ ነው ስላይድ ሾው የሰራሁት ብል ውሸት አይሆንም። አፕሎድ አደረግኩ፣ መሀል ላይ መብራት ሄደ፣ በስልኬ ዳታ ጨረስኩት፣ ከዛ ሳይቱን ከፍቼ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፎቶዎች ሲመጡ አየሁና ተመስገን ብዬ ሊንኩን ልኬ ተኛሁ። ሁለት አይቶ መተኛት! 32 ናቸው እኮ፣ 30ዎቹን ማን ሊያይልህ ነው?

ሰኞ ወደ አራት ሰዓት ማናጀሩ ደወለ። «ወንድሜ ባዶ ሳጥን ነው እኮ የሚያሳየን» አለኝ። ኔትወርክ ይሆናል አልኩት። «ዋይፋይ ላይ ነን፣ ሌላው ሁሉ ይከፍታል»። እንደገና ይሞክሩት አልኩ፣ ከጀርባው የሰዎች ድምጽ ይሰማኛል፣ አንዷ «ሁለት ፎቶ ብቻ ነው ያለው?» ስትል ሰማሁ። በስልኬ ከፈትኩት። አንድ፣ ሁለት መጡ፣ ሶስተኛው ባዶ፣ አራተኛው ባዶ፣ አባ ኮዳዬም የለም። ላፕቶፔ ላይ ያለውን ፎልደር ስከፍት 32ቱም ቁጭ ብለዋል። ቆጠርኩ፣ ሳይቱ ላይ የሚታዩት 9 ብቻ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሶስት ሳምንት ነው ያንገበገበኝ። መጀመሪያ ዌብሳይቱን ያስቀመጥኩበት ሆስቲንግ ድርጅት ደወልኩ። ስሙን አልጠራም፣ ልጅቷም በጣም ትሁት ናት። «እሺ ጌታዬ፣ ካሽ ያጥፉና እንደገና ይሞክሩት» አለችኝ። ካሽ የሚሉት ብራውዘሩ ቀድሞ ያስቀመጠውን የገጹን ቅጂ ነው፣ አጠፋሁ። በነጋታው ሌላ ልጅ አነሳ፣ እሱም ካሽ ያጥፉ አለኝ። ካሽማ ምን ቀረኝ፣ በናንተ ጠፋ እንጂ! ሶስተኛ ቀን ሌላ ብራውዘር ይሞክሩ ተባልኩ። አራተኛ ቀን ቦታዎ ሞልቶ ይሆናል ፓኬጅ ያሳድጉ አሉኝ፣ እኔም ሞኙ 2400 ብር ከፍዬ አሳደግኩ። ያው 9 ከ32። አንድም ቀን አንዱ ሰው ሳይቱን ከፍቶ ልይልህ አላለኝም፣ እኔ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ከፍቶ ለማየት አስር ሰከንድ አይፈጅም።

እኔም ቁጭ ብዬ የራሴን መላምት መደርደር ጀመርኩ። ቁም የተነሱት ናቸው የማይመጡት አልኩ፣ አይ፣ ሁለት ቁም ፎቶ ይታያል። ማታ የተነሱት ናቸው አልኩ፣ አይደለም። ፒያሳ ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛ አለኝ ቫይረስ ነው አለኝና ላፕቶፔን ፎርማት አደረገው። ሁሉንም አጥፍቼ እንደገና አፕሎድ አደረግኩ፣ ሶስት ጊዜ፣ አንዱ ዙር 200 ሜጋ ገደማ ነው በስልክ ዳታ። አንድ ዴቨሎፐር ነኝ ባይ ደግሞ አይቶ «ሳይቱ ከመሰረቱ ተበላሽቷል፣ እንደ አዲስ ነው መሰራት ያለበት፣ 18 ሺ» አለኝ። እግዜር ይስጠው ገንዘብ ስላልነበረኝ ተረፍኩ።

መጨረሻ ላይ ያወጣኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ አመት ነው፣ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጥቶ ፊቴን አይቶ «ጋሼ ምን ሆነሃል» አለኝ። አሳየሁት። ቁጭ ብሎ ኤፍ 12 የምትለዋን ቁልፍ ተጫነ፣ ከጎን አንድ ሳጥን ተከፈተ፣ ቀይ በቀይ ሆነ፣ ቆጠራቸው፣ 23። «ጋሼ፣ 404 እኮ ነው የሚለው። ሰርቨሩ እንዲህ የሚባል ፋይል የለኝም እያለህ ነው።»

«አለው! በአይኔ አየዋለሁ!»

«ያለው ሌላ ነው» አለኝና ሁለቱን ስም አንዱን ከአንዱ በታች አድርጎ ጻፈልኝ። ያው ናቸው። አፈጠጥኩባቸው፣ ያው ናቸው። በኋላ ነው ያየሁት፦ ካሜራው ከፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ጄፒጂ የሚለውን በካፒታል ነው የጻፈው፣ እኔ ኮዱ ውስጥ የዘረዘርኩት በስሞል ነው።

በቃ ይሄ ነው። ሶስት ሳምንት፣ 2400 ብር፣ የተፎረማተ ላፕቶፕ፣ ለሶስት ፊደል።

ልጁ ሲያስረዳኝ እንዲህ አለኝ። የኛ ፊደል ላይ ካፒታልና ስሞል ስለሌለ አይናችን አይፈልገውም። ግን ሀሌታው ሀና ሐመሩ ሐ አሉን አይደል፣ ሀዋሳን አንዱ ሀዋሳ፣ አንዱ ሐዋሳ፣ ሌላው ሃዋሳ ብሎ ይጽፈዋል፣ ታፔላውም ላይ እንደዛው ነው፣ እኛ ስናነበው ሁሉም ያው ከተማ ነው። ዊንዶውስ እንደኛ ነው፣ የፋይል ስም ላይ ካፒታሉንም ስሞሉንም አንድ ነው ብሎ ያልፋል፣ ስለዚህ ላፕቶፕህ ላይ ሁሉም ይከፍታል። አብዛኛው ሰርቨር ግን የሚሰራው ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሲስተም ነው፣ ሊኑክስ ደግሞ እንደ የኔታ ነው፣ አንዷን በሌላዋ ቦታ ከጻፍክ አላውቃትም ነው የሚልህ። 9ኙ ለምን ታዩ? እነሱን ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቼ ቀለማቸውን ነካክቼ ነበር፣ ፕሮግራሙ ሲያወጣቸው በስሞል ጻፈልኝ። የቀሩት 23ቱ ከካሜራው እንደወረዱ የገቡ ናቸው፣ ብዙ ካሜራ ደግሞ ስም የሚሰጠው በካፒታል ነው። የማይነካ ውብ ነው ብዬ ሳልነካ የተውኳት አባ ኮዳዬ ለዚህ ነው የጠፋችው።

ማስተካከሉ አራት ደቂቃ ፈጀ። ሰርቨሩ ላይ ያሉትን አጠፋን፣ ላፕቶፑ ላይ በአንድ መስመር ትዕዛዝ ሁሉንም ጄፒጂ ወደ ስሞል ቀየርን፣ እንደገና አፕሎድ፣ 32 ከ32። ለልጁ ጉርዱን በነጻ አነሳሁት፣ ሌላ ምን ላድርግለት። በነጋታው ሆስቲንጓ ልጅ ጋ ደወልኩና ችግሩ የፊደል እንደነበር ነገርኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? «አዎ ጌታዬ፣ እሱ የተለመደ ችግር ነው።» የተለመደ ከሆነ ለምን አልነገርሽኝም ልላት አፌ ድረስ መጥቶ መለስኩት። የሎጁ ስራ በዛን ጊዜ ለሌላ ሰው ሄዷል።

እንግዲህ አሁን እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ስም ስሰጥ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሁሉም ስሞል፣ ክፍተት የለም፣ በመሀል ሰረዝ፣ መጨረሻው ቁጥር። አማርኛውን ከፎቶው ስር መግለጫ አድርጌ እጽፈዋለሁ፣ እዛ ያምራል። አፕሎድ ካደረግኩ በኋላ በስልኬ፣ በዳታ፣ በሌላ ሰው ስልክም ጭምር፣ ከአንድ እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ እያለፍኩ አያለሁ። የሆነ ነገር ከጠፋ ማንም ጋ ከመደወሌ በፊት ኤፍ 12 ነው፣ ቀዩን መስመር አነባለሁ። 404 ካለ የስም ወይ የቦታ ስህተት ነው፣ ካሽ አይደለም፣ ፓኬጅም አይደለም።

ሁሉም መታየት ሲጀምር ደግሞ አዳማ ያለችው እህቴ ደወለችና «አንተ፣ የኢንተርኔት ፓኬጄን እኮ ጨረስክብኝ» አለችኝ። ልክ ናት። ካሜራዬ የሚያወጣው 6000 በ4000 ፒክስል ነው፣ አንዱ 9 ሜጋ ገደማ፣ የስልክ ስክሪን ግን ወርዱ 1080 ምናምን ነው፣ ለማን ነው ያን ሁሉ የምልከው? አሁን ረጅሙን ጎን 1600 አደርገዋለሁ፣ ጥራቱን 80 ላይ፣ አንዱ 250 ኪሎባይት አካባቢ ይሆናል። 32ቱም ተደምሮ ከዱሮው አንዱ ያንሳል። ፎቶው ከማስተካከያው ሲወጣም የቀለም ምርጫው ላይ ኤስአርጂቢ የሚለውን ምረጡ፣ አለበለዚያ የሀይቁ የምሽት ብርቱካናማ አንዳንድ ስልክ ላይ ሄዶ አመድ ይመስላል።

ሁሉም ሰው ዌብፒ የሚባለውን የፎቶ ፋይል አይነት ተጠቀም ይላል፣ ጎግልም ይላል፣ ፋይሉ ያንሳል እውነት ነው። እኔ ግን አልጠቀምም። ደንበኞቼ ፎቶውን ሴቭ አድርገው ቴሌግራም ላይ ነው የሚላላኩት፣ ዌብፒ ፋይል ደግሞ ቴሌግራም ላይ ብዙ ጊዜ ስቲከር ሆኖ ቁጭ ይላል። አንዷ ሙሽራ የቬሎ ፎቶዋ ስቲከር ሆኖ ሲመጣላት ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፈውም። ጄፒጂ ይበቃል።

በራሱ የሚዞረውንም አጠፋሁት። ኮዱ ሲመጣ በየሶስት ሰከንዱ ይገለብጥ ነበር፣ እናቴ አንዱን አይታ ሳትጨርስ ይሄድባታል፣ «ምን አስቸኮለው?» ትላለች። የዌብ ተደራሽነት መመሪያውም ከ5 ሰከንድ በላይ በራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ማቆሚያ ይኑረው ነው የሚለው፣ እኔ ማቆሚያ ከምጨምር ጭራሽ በጣት ይገለጥ ብያለሁ። ሙዚቃ አትጨምሩ፣ እባካችሁ፣ ሰው ስብሰባ ላይ ሆኖ ይከፍተዋል። በስልክ የተነሳ ፎቶ ካለ ደግሞ ከማውጣታችሁ በፊት ሎኬሽኑን አጥፉ፣ መልስ ላይ የሰው ቤት ግቢ ውስጥ ያነሳኋት አንዲት ፎቶ የቤቱን ቦታ እስከ በሩ ይዛ ነበር፣ ማንም ሳያይ ከሳይቱ አወረድኳት።

32ቱንም አሁን 14 አድርጌያቸዋለሁ። አባ ኮዳው አንደኛ ሆኗል።

ባለፈው ሳምንት ማታ ፍቅር ሀይቅ ዳር እየተራመድኩ ያ ሎጅ ትዝ ሲለኝ ዌብሳይታቸውን ከፈትኩት። አዲሶቹ ክፍሎች ተነስተዋል፣ ስላይድ ሾውም አላቸው። የመጀመሪያው ፎቶ ቆንጆ ነው፣ ሁለተኛውም ይሄዳል፣ ሶስተኛው ባዶ ሳጥን። አራተኛው ባዶ። የማናጀሩ ስልክ እስካሁን አለኝ፣ አልደወልኩም።