ስሙን አይቼ የገባሁበት ግቢ

ታናሽ ወንድሜ የምርጫ ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ተኝቷል። «አንደኛ ምርጫ» በሚለው መስመር ላይ በእርሳስ ጽፎ አጥፍቷል። ደግሞ ጽፎ፣ ደግሞ አጥፍቷል። ወረቀቱ እዚያች ቦታ ላይ ሳስቷል፤ ወደ መብራቱ ከፍ ሳደርገው ብርሃን ያሳልፋል። እስከ ዓርብ ማስገባት አለበት።

ከመተኛቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቀኝ። «አሁን እኔን ብትሆኚ ዩኒቨርሲቲ ትገቢ ነበር?» ወዲያው መመለስ አቃተኝ። «ነገ እነግርሃለሁ» አልኩት። አሁን የምጽፈው መልሱን ልፈልግለት ነው።

እኔ የገባሁት ስሙን አይቼ ነው። የዩኒቨርሲቲው ስም ሲጠራ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየኝ ነበር፤ ያ በቃኝ። ስለ ዲፓርትመንቱ አንድም ተማሪ አልጠየቅኩም። ስገባ አዳራሹ ውስጥ 300 ያህል ነበርን። ከኋላ ለተቀመጠ ሰሌዳው አይነበብም። ላብ ስንገባ አንዱን ማይክሮስኮፕ ለ12 እንጋራለን፤ የቀሩት ተበላሽተው በፕላስቲክ ተሸፍነው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ተራዬ ሲደርስ ሰዓቱ ያልቃል። አንድም ሴል በደንብ ሳላይ ስለ ሴል ተፈተንኩ። ጥሩ ውጤትም አመጣሁ። እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚባለው ነገር ከምን እንደሚሠራ ያነበብኩት ከተመረቅኩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውን፣ የዓለምን ዩኒቨርሲቲዎች የሚያወዳድረውን የሻንጋይ ደረጃ ብንወስድ፣ ከመቶው 30 የሚሰጠው የኖቤል ሽልማት ወይም የፊልድስ ሜዳልያ (ትልቁ የሒሳብ ሽልማት) ላገኙ ምሩቃንና መምህራን ነው። 20 ሥራቸው በብዛት ለሚጠቀስ ተመራማሪዎች ይሰጣል። 40 ለታተሙ የምርምር ጽሑፎች ነው። የቀረው 10 ይኸው ሁሉ ለመምህራኑ ቁጥር ተካፍሎ የሚገኝ ነው። የምርምርን ጉልበት ለማወቅ ይጠቅማል። ፍሬሽማኑን ማን ያስተምረዋል? ጥያቄ ሲኖረው የማንን በር ያንኳኳል? እሱን ግን አይነግርህም።

እ.ኤ.አ. በ2002 ስቴሲ ዴል እና አለን ክሩገር ያወጡትን ጥናትም ልነግረው እፈልጋለሁ። የአሜሪካ ተማሪዎችን ነው ያጠኑት። ታዋቂ ኮሌጅ ተቀብሏቸው ሳለ ሌላ ቦታ የገቡ ልጆች፣ ኋላ ላይ የሚያገኙት ገቢ ታዋቂው ጋር ከገቡት እኩዮቻቸው ብዙም አልተለየም። ልዩነት የታየው ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ በመጡት ላይ ነው፤ እነሱን ታዋቂው ጠቅሟቸዋል። ይህን ሁለተኛውን ነገር መዝለል ልክ አይመስለኝም። የሚያስገባው ዘመድ የሌለው ልጅ፣ ስሙ ራሱ ዘመድ ይሆነዋል። እኔንም አንድ ሁለት ቦታ ያስገባኝ ስሙ ነው። ውለታውን አልክድም።

ግን መግባቱ ራሱስ?

ይህ ወንድሜ ዕቃ መፍታት ይወዳል። ባለፈው ወር የተበላሸውን ቬንትሌተር ፈታታው። ብሎኖቹን ጋዜጣ ላይ በየመጠናቸው ደርድሮ፣ ከየት እንደወጡ ከእያንዳንዳቸው ሥር በትንንሽ ፊደል ጻፈ። መልሶ ገጥሞት ሲዞርለት የሳቀውን ሳቅ፣ ፈተና ሲያልፍ እንኳ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ሐኪም ልሁን ቢለኝ ጥያቄ የለም፣ ሌላ መንገድ ስለሌለው ግባ እለው ነበር። ለማሽን ግን መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ጀርመን ውስጥ ብዙ ወጣት ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል ድርጅት ውስጥ እየሠራና እየተከፈለው፣ ጎን ለጎን ሙያ ትምህርት ቤት ይማራል። ሲጨርስ የታወቀ የምስክር ወረቀት አለው። እጁ የሚያውቅ ልጅ ሌክቸር ስላልወደደ ሰነፍ ነው ሲባል ያናድደኛል።

ደግሞ ዓይኑን አያለሁ። ሞተሩ ለምን እንደሚግል ሲጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። መጽሐፍ አገላብጦ ቀመሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ሒሳቡ ከበደው። አልተወውም፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከወረቀት ጋር ሲታገል ነበር። መፍታት ብቻ አይደለም የሚፈልገው። ለምን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ያንን ለብቻ መማር ይቻላል፤ ግን ስትሳሳት የሚያርምህ ሰውና አብሮህ የሚታገል ጓደኛ ሲኖር ሌላ ነው።

ስለዚህ መልሴ፣ እገባ ነበር ነው። በስሙ ግን አልመርጥም። ቅጹ ላይ እየጻፈ የሚያጠፋቸው ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ አንዱ ስመ ጥሩ ነው፣ ሌላውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሁለቱንም ሄደን እናያለን። የጉብኝት ቀን ላይ አይደለም፣ ዝም ብሎ በሥራ ቀን። ወርክሾፑን ማየት እፈልጋለሁ፤ ማሽኖቹ ላይ የሚሠራ ሰው አለ ወይስ ተሸፍነዋል? ሁለተኛ ዓመቶችን ማናገር እፈልጋለሁ። አንደኛ ዓመቶች ገና ደስታ ላይ ናቸው፣ ተመራቂዎች ደግሞ ረስተውታል። ባለፈው ሳምንት በገዛ እጃችሁ ምን ሠራችሁ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ስንቶቻችሁ ጀምራችሁ ስንቶቻችሁ ቀራችሁ ብዬም እጠይቃለሁ።

ሁለቱም ካልጣሙት ደግሞ አንድ ዓመት ይቆይ። ቦታ ይዞ የሚያቆይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በጽሑፍ እስኪያረጋግጡልን ድረስ ግን አላምንም።

ነገ ሐሙስ ነው። ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። አውቶቡሱ 1 ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ደወሉን ለ11 ተኩል ሞልቼዋለሁ። የማላውቀውን የሚጠይቅልኝ እሱ ስለሆነ፣ ማስታወሻ ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ ከትቼለታለሁ።