የአኩፓንክቸር መስመር ላይ የደም ፍሰት ስለካ ያየሁት

ደብረ ማርቆስ ላይ ጤነኛ ወጣቶችን አልጋ ላይ እያስተኛሁ፣ በአኩፓንክቸር ሜሪዲያን ላይ የቆዳ የደም ፍሰት ስለካ ሰነበትኩ። ሜሪዲያን በቻይና ባህላዊ ሕክምና የመርፌ ነጥቦች የተሰለፉበት መስመር ነው። ሰውነት ተከፍቶ ቢታይ ግን የራሱ ቱቦ የለውም። የመረጥኩት ፔሪካርዲየም የሚባለውን፣ በክንድ ውስጠኛ በኩል መሃል ለመሃል ወርዶ የመሃል ጣት ላይ የሚያበቃውን ነው።

መሣሪያው ሌዘር ዶፕለር ይባላል። ደካማ ብርሃን ቆዳ ላይ ያበራል፤ ብርሃኑ የሚንቀሳቀሱ ቀይ የደም ሕዋሳትን መትቶ ሲመለስ ድግግሞሹ ትንሽ ስለሚቀየር ፍሰቱ ከዚያ ይሰላል። የሚያየው ወደ 1 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ብቻ ነው። ቁጥሩም አንጻራዊ እንጂ ሚሊ ሊትር በደቂቃ አይደለም።

«ደሜን ልትቀዳው ነው እንዴ?» የማይል የለም። መርፌ እንደሌለ አሳዩት፣ የፈራ ሰው የቆዳው ደም ስር ይጠባል። የማርቆስን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ከውጭ የገባ ሰው ሞቅ ባለ ክፍል ቢያንስ 20 ደቂቃ ጋደም ካላለ የምትለኩት ብርዱን ነው። ቡና የጠጣ፣ ያጨሰ፣ ማታ አረቄ የቀመሰ ለሌላ ቀን ይቀጠር። (ጎጃም ውስጥ ሰውን ቡና ሳትጠጣ ና ማለት ራሱን የቻለ ድርድር ነው።) ወሬም ይቁም። አንዴ በረጅሙ አየር ሲስብ የጣቱ ጫፍ ፍሰት ወዲያው ያሽቆለቁላል። ቆዳ በራሱም በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ስለሚል የብዙ ደቂቃ አማካይ ውሰዱ።

ነጥቡን በሴንቲ ሜትር አትፈልጉ። እኔ የለካሁበት መስመር ላይ ያለው ኔይጓን የሚባል የመርፌ ነጥብ ከእጅ አንጓ መስመር በራሱ በተለካው ሰው አውራ ጣት ስፋት ሁለት ያህል ከፍ ብሎ፣ በሁለቱ ጅማቶች መሃል ነው።

ዋናው ጣጣ ማነጻጸሪያው ነው። የጣት ጫፍና የክንድ ቆዳ የደም ስር አሠራራቸው ስለሚለያይ ማነጻጸሪያው እዚያው ከፍታ ላይ፣ ከመስመሩ ትንሽ ወደ ጎን መሆን አለበት። ከሥር ያለውንም እዩ። የሳንባ የሚባለው ሜሪዲያን አንጓ ላይ የሚያልፈው ነርሶች የልብ ምት በሚዳብሱበት ደም ቅዳ ላይ ነው። እዚያ ፍሰቱ ቢጨምር ምስጋናው ለማን ነው? እኔ ዘንድ በመስመሩና በጎኑ መካከል ያለው ልዩነት በር ተከፍቶ ንፋስ ሲገባ ከሚመጣው ያንስ ነበር። ስለዚህ ሁለት ሴንሰር፣ አንዱን መስመሩ ላይ አንዱን ከጎኑ፣ በአንድ ጊዜ ለጥፉ፤ ግራፉን የሚያነበው ሰው ደግሞ የትኛው መስመሩ ላይ እንዳለ አይወቅ።