በክረምት የተሰነጠቀ መሬት

ነሐሴ ማለቂያ ላይ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያወርደው የሰነበተው ዝናብ አባርቶ፣ የጣርማበር ጉም ተገልጦ ፀሐይ ወጥታለች። ከደብረ ብርሃን የመጣሁት አጎቴን ልጠይቅ ነው፤ ቤታቸው ከደብረ ሲና በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። ዝናቡ ስላቆመ የሚያሰጋ ነገር የቀረ አልመሰለኝም፤ መንገዱን ትቼ በማሳ አቋረጥኩ።

ገብሱ መሃል ስንጥቅ አየሁ። ጣት የሚያስገባ፣ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ወደ ቁልቁሉ የዞሩ። ዋልካ መሬት ላይ ላደገ ሰው ስንጥቅ ብርቅ አይደለምና ተሻግሬው ሄድኩ።

ማታ በጨዋታ መሃል ሳነሳው አጎቴ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ።

“ልጄ፣ በበጋ የሚሰነጠቀው ውሃ ጠምቶት ነው። እንዲህ ጠግቦ እያለ የሚሰነጠቀውስ ምን አግኝቶት ነው?”

ባለቤታቸውም ከታች ያለው ምንጭ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ መደፍረሱን፣ የጓዳው በርም አልገጥም ማለቱን ያን ጊዜ ተናገሩ። በሩን እርጥበት ያሳበጠው መስሏቸው ነበር።

በዚያ ተዳፋት ከላይ ያለው የተሰባበረ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ የእሳተ ገሞራ አመድ በስብሶ የሆነው ሸክላማ አፈር አለ። ውሃ በድንጋዩ መሃል ሰርጎ ሸክላው ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣል፤ ያን ጊዜ የላይኛው መሬት ከነሰብሉ የሚንሸራተትበት ልሙጥ ወለል ያገኛል። ሰማዩ ከጠራም በኋላ ውሃው ከውስጥ ገና እየወረደ ነው። እኔ ያላወቅኩት ይህንን ነበር። በ1998 ዓ.ም. ይዛባ ወይን ላይ የደረሰውን ናዳ የአካባቢው ሰው ዛሬም አይረሳውም።

በፋኖስ ወጥተን ከስንጥቁ በላይና በታች ሁለት ችካል ተከልን። በመካከላቸው ተጣብቃ የምትቆም ሸምበቆ ለክተን ቆረጥን። ጠዋት ስንመለስ ሸምበቆዋ ማንም ሳይነካት ወድቃለች፤ ክፍተቱ በሦስት ጣት ሰፍቷል፣ የታችኛውም ችካል በስንዝር ዝቅ ብሏል።

እኔ ቦይ እንቆፍር አልኩ። አሁን ሳስበው ምክሬ ልክ ነበር፣ ጊዜው ግን አልፎበት ነበር። ከስንጥቁ በላይ ጎርፍ መቀልበሻ መቁረጥ፣ ስንጥቁንም በሸክላ አፈር ጠቅጥቆ መድፈን የሚረዳው ገና ሲጀምር ነው። ሸምበቆ ከወደቀ በኋላ እዚያ ላይ ዶማ ይዞ መቆም ነፍስን መስጠት ነው። አጎቴ ከብቶቹን ቀድመው ፈቱ። ወደ ታች ሊነዷቸው ሲሉ ግን እኔ ለመንኳቸው፤ ናዳ የሚሄደው ወደ ታች ነውና ወደ ጎን፣ ከሸንተረሩ ማዶ እንሻገር አልኳቸው። ለጎተራው እህል መመለስ ፈልገው ነበር። እጃቸውን ይዤ አልለቀቅኩም፤ ታላቄን እንዲያ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው።

በሁለተኛው ሌሊት ወረደ። እኛ ከሸንተረሩ ማዶ እህታቸው ቤት ተኝተን ነበር፤ እንደ ከባድ መኪና ያለ ድምፅ ቀሰቀሰን። ሲነጋ የላይኛው ችካል በቦታው ቆሟል። የታችኛውን ሰባ እርምጃ ያህል ቁልቁል ወርደን፣ ከገብሱ ጋር፣ እንደ ቆመ አገኘነው።