ጣርማበርን የተሻገረው ቆሎ

ምግብ አቀነባብረው የሚሸጡ አነስተኛ አምራቾችን የሚደግፍ የኢንኩቤሽን ማዕከል ደብረ ብርሃን ላይ ሲቋቋም፣ የጥራት ቁጥጥሩንና የማሸግ ሥልጠናውን እንድመራ የተመደብሁት እኔ ነበርሁ። ሐሳቡ መልካም ነበር። በሰሜን ሸዋ ደጋም ሆነ ቆላ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎና በርበሬ አዘጋጅተው የሚሸጡ ሴቶች ሞልተዋል፤ በሙያቸው የሚታሙም አይደሉም። ነገር ግን ምርታቸው ከገበያ ምንጣፍ ተነሥቶ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ይውጣ ከተባለ የንግድ ፈቃድ፣ የብቃት ማረጋገጫ፣ እንዲሁም የምርቱ ስም፣ የተጣራ ክብደቱ፣ ከምን እንደተሠራ፣ የተመረተበትና የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት ማሸጊያ ያስፈልጋል። አንዲት ሴት ለብቻዋ የማትችለውን ማሽን በጋራ እንዲጠቀሙበት፣ ሥልጠና እንዲያገኙ፣ ከገዢና ከአበዳሪ ጋር እንዲገናኙ ማድረግ ነበር የማዕከሉ ሥራ።

ማዕከሉን ለመክፈት አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደከምን። አንድ አሮጌ መጋዘን አድሰን፣ ወለሉን ሴራሚክ አልብሰን፣ የቆሎ መቁያ ማሽን፣ ወፍጮ፣ የእርጥበት መለኪያና የከረጢት ማሸጊያዎች ገዛን። ለሕንፃውና ለማሽኑ ይህን ያህል ጊዜ ስንሰጥ፣ ምርቱ ከአምራቹ እጅ ወጥቶ ገዢው ዘንድ እስኪደርስ በየት በየት እንደሚያልፍ የተነጋገርንበት ጊዜ ግን ከአንድ ከሰዓት በኋላ አይበልጥም። ሪፖርት ላይ የሚቆጠረው ማሽን ነውና ማንም አልጠየቀንም፤ እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም።

ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዷ ከሸዋ ሮቢት የመጡ እናት ነበሩ። የተፈተገ የደጋ ገብስ ከምንጃር ሽምብራና ከሱፍ ጋር ቀላቅለው የሚሠሩት ቆሎ በአካባቢያቸው የታወቀ ነው። በየቀኑ ደብረ ብርሃን መውጣት ስለማይችሉ አምስት ቀን አሠልጥነናቸው የእጅ ማሸጊያ ማሽን በውሰት ይዘው ወደ ቤታቸው ወረዱ። በሥልጠናው ላይ ከረጢቱን ከማሸጋቸው በፊት አየር እንዲተዉበት ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። ከረጢቱ ሞላ ብሎ ሲታይ ገዢን ይስባል፣ ቆሎውም አይደቅቅም ብዬ በገዛ እጄ አሳይቻቸዋለሁ።

በታኅሣሥ ወር የመጀመሪያው ጭነት፣ ሁለት መቶ አርባ ባለ 250 ግራም ከረጢት፣ በሚኒባስ ጣሪያ ተጭኖ ደብረ ብርሃን ወደሚገኝ አንድ ትልቅ ሱቅ ገባ። በማግስቱ ጠዋት ውርጩ ከመስኮት ሳይለቅ የሱቁ ባለቤት ደወሉልኝ። «የላካችሁት ቆሎ ሆዱ ተነፍቷል። ነገ ደንበኛ ቢታመምብኝ የሚጠየቀው ማን ነው?» አሉኝ። ሄጄ ባየው እውነትም ከረጢቶቹ እንደ ከበሮ ተወጥረዋል፤ የሦስት አራቱ ስፌትም ተከፍቷል። የተነፋ ማሸጊያ የብልሽት ምልክት መሆኑን እኔ ራሴ በየሥልጠናው የምናገረው ነገር ነውና ብዙ አላሰብሁም። ወይዘሮዋ ቆሎውን ትኩስ እንዳለ አሽገውት ላብ አውጥቶ ተበላሽቷል ብዬ ደመደምሁ። ከሰዓት በኋላ ምርታቸው ምርመራ እስኪደረግበት ከማዕከሉ ድጋፍ መታገዳቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፌ፣ በኃላፊያችን አስፈርሜ፣ ለወረዳው ጽሕፈት ቤትና ለገብስ መግዣ ብድር ሊሰጣቸው ለተስማማው ተቋም በግልባጭ አሳወቅሁ። አንድ ከረጢት እንኳ ከፍቼ አልቀመስሁም።

ወይዘሮዋ ደብዳቤው በደረሳቸው በማግስቱ ነጠላቸውን ተከናንበው ቢሮዬ ገቡ። የተመለሰውን ቆሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ አንዱን ቀድደው ዘረገፉልኝ።

«ልጄ፣ ቆሎ ስቆላ አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው። የተበላሸ ነገር ሰው አብልቼ አላውቅም። በል ቅመሰው።»

ቀመስሁ። ጥርስ ላይ ኳ ኳ ይላል፤ የሻገተ ወይም የኮመጠጠ ነገር የለበትም። «እትዬ፣ ጉዳዩ የቆሎው ጣዕም አይደለም፤ ከረጢቱ ነው» አልኋቸው።

«ከረጢቱማ የእናንተ ነው» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። መቁያ ቤታቸውን ለማየት በዚያው ቀን አብሬያቸው ወደ ሮቢት ለመውረድ ወሰንሁ። ከተመለሱት ከረጢቶች አራቱን በቦርሳዬ ይዤ፣ በመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ተነሣን። ሾፌራችን ጣርማበር ላይ ዋሻው ከመድረሱ በፊት ውኃውን ጠጥቶ ባዶውን ሃይላንድ ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ ወደ ኋላ ወረወረው። ደብረ ሲናን አልፈን ወደ አርማንያ ስንወርድ ኮዳው ድንገት ጧ ብሎ ወደ ውስጥ ተጨማደደ። እኔ ደንግጬ ዞር ስል ሾፌሩ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይቺ ቁልቁለት እኮ የሰው ጆሮ ትደፍናለች፤ ኮዳውን እንዴት ትተወዋለች?» አለኝ።

ቦርሳዬን ከፈትሁ። ጠዋት በጣት ሲነኩ የሚመልሱት ከረጢቶች ላልተዋል። ሮቢት ገብተን ስንወርድ ደግሞ ፊታቸው ተሸብሽቦ በሁለት ጣት የሚቆነጠሩ ሆነዋል። ወይዘሮዋ አንዱን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «አየህ፣ ቤታቸው ሲደርሱ ተነፈሱ» አሉ።

ነገሩ በትምህርት ቤት የተማርሁት ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ መንገዱ በመካከል ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። የአየር ግፊቱ ሮቢት ላይ 87 ኪሎ ፓስካል ያህል ሲሆን ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 72 ይወርዳል፤ ስለዚህ ሮቢት ላይ ከረጢት ውስጥ የታሸገ አየር ደብረ ብርሃን ሲደርስ ቅዝቃዜው ጥቂት ቢቀንስለትም አምስተኛ እጅ ያህል ልስፋ ይላል። የሚያሳፍረኝ ግን ግፊቱን መርሳቴ ብቻ አይደለም። በደንብ የተቆላ ቆሎ ማሸጊያ የሚነፋ ተሕዋስያን ሊራቡበት የማይችል ደረቅ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። በምግብ ውስጥ ለተሕዋስያን የሚተርፈው ውኃ በሙያው ልኬት ከ0.60 በታች ከሆነ አንዳቸውም አይራቡም። የእርጥበት መለኪያውም ከቢሮዬ ሃያ እርምጃ በማይርቅ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል፤ የማለዳው ቆሎ ላይ ባስነካው በአምስት ደቂቃ መልሱን ይሰጠኝ ነበር።

እዚያው መቁያ ቤታቸው ውስጥ ሃያ ከረጢት አሸግን፤ ዐሥሩን እኔ እንዳስተማርሁት አየር ትተን፣ ዐሥሩን ወይዘሮዋ በመዳፋቸው እየተጫኑ አየሩን አስወጥተው። በማግስቱ ሁሉንም ይዘን ወጣን። የእኔዎቹ ዐሥሩም ተነፉ፣ የሁለቱ ስፌትም ጣርማበር ላይ ለቀቀ፤ የእሳቸው ግን ሮቢት ላይ እንደነበሩ ጠፍጣፋ ሆነው ደብረ ብርሃን ገቡ። (የሱቁ ባለቤት ይህን ሲያዩ ጭነቱን መልሰው ለመቀበል ቢስማሙም፣ ዋጋው ላይ ቅናሽ መጠየቃቸውን አልተዉም።)

ከዚህ በኋላ የአቤቱታ መዝገባችንን ገለጥሁ። ከወራት በፊት ደብረ ብርሃን ላይ በሶ እያሸገች ወደ ቆላ የምትልክ ሌላ ተጠቃሚያችን፣ ሮቢት ያሉ ገዢዎች «ከረጢቱ ጎድሏል» እያሉ እንደሚመልሱባት አመልክታ ነበር። ክብደቱን መዝነን ሙሉ ሆኖ ስላገኘነው «ቅሬታው መሠረት የለውም» ብለን ዘግተነዋል። የእሷ ከረጢት ወደ ታች ሲወርድ እየተሸበሸበ ኖሯል። የማርመላታ ሠልጣኞቻችንም በተደጋጋሚ እያሳረሩ ሲቸገሩ የእሳት አያያዝ ጉድለት አድርገን ቆጥረንባቸዋል። የሰጠናቸው መመሪያ በባሕር ወለል ላይ ላለ ሰው የተጻፈ ነውና ማርመላታው 105 ዲግሪ እስኪደርስ ቀቅሉት ይላል። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ እንኳ በቅጡ ሳይደርስ ስለሆነ፣ ማርመላታው 95 ዲግሪ አካባቢ ላይ መውረድ ነበረበት። ምስኪኖቹ ሴቶች ቴርሞሜትሩን እያዩ መመሪያውን በታማኝነት ሲያከብሩ ነው ድስት ሙሉ ስኳር የተቃጠለባቸው።

መመሪያዎቹን ማስተካከል ቀላል ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የማሸግ ሥልጠናው ተለወጠ፣ በመመዝገቢያ ቅጹም ላይ ምርቱ የሚታሸግበትና የሚሸጥበት ቦታ ከፍታ የሚሞላበት መስመር ተጨመረ። ከባዱ ደብዳቤው ነበር። እገዳውን የጻፍሁት በአንድ ከሰዓት ሲሆን ማንሣቱ ግን ስድስት ሳምንት ፈጀ። በመጀመሪያ ኃላፊያችን ፈቃድ ላይ ነበሩ፤ ከዚያ ወረዳው የእገዳውን ምክንያትና የተነሣበትን ምክንያት የሚያብራራ ቃለ ጉባኤ ጠየቀ፤ አበዳሪው ደግሞ የወረዳውን ማረጋገጫ ሳያይ ፋይሉን አላንቀሳቅስም አለ። ብድሩ የተፈለገው ምርት እንደተሰበሰበ፣ በታኅሣሥ፣ ገብስ ረክሶ ሳለ ለመግዛት ነበር። ገንዘቡ የተለቀቀው የካቲት ከገባ በኋላ በመሆኑ ወይዘሮዋ በዚያው ብር ሊገዙ የቻሉት ካሰቡት ሩብ ያህል ያነሰ ገብስ ነው። ጉድለቱን ማዕከሉ እንዲተካላቸው በጽሑፍ ብጠይቅም ለእንዲህ ያለ ወጪ የበጀት ርእስ የለም ተባልሁ።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ሮቢት ወርጄ ነበር። ምጣዱ ላይ እንደተቀመጡ ሰሙኝ፤ ማማሰላቸውንም አላቋረጡም። ስጨርስ «ያ ደብዳቤ ተቀደደ?» ብለው ጠየቁኝ። አለመቀደዱን ነገርኋቸው። በመዝገብ ቤት ደንብ ወጪ ሆኖ የተመዘገበ ደብዳቤ ከፋይል አይወጣም፤ እገዳውን የሚሽረው ሁለተኛው ደብዳቤ ከላዩ ተያይዞ ሁለቱም አብረው ተቀምጠዋል።