ከጅማ ደን ወደ አዋሽ በረሃ፦ የቆላ ወፎችን እንዴት እንዳየሁ

ጅማ ውስጥ ወፍ መለየት የተማርሁት በጆሮዬ ነው። የቡናው ጥላ ዛፎች ቅጠላቸው የተጠጋጋ ስለሆነ የወፉ ድምፅ ሁልጊዜ ከአካሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ ራቅ ብዬ በዓይኔ የምፈልገው በቦዬ ረግረግ ዳር ስቆም ብቻ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከሆነው አገሬ ተነሥቼ 1,000 ሜትር አካባቢ ወደሚገኘው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ስወርድ ግን የምመራበትን ነገር መለወጥ ነበረብኝ። በበረሃ ወፍን የሚያሳየው ሰዓቱና ውሃው ነው።

ስለዚህ መተሐራ አድሬ ጎሕ ሲቀድ ከስካውት (ከፓርኩ ጠባቂ) ጋር ወደ ኢላላ ሳላ ሜዳ ገባሁ። ረፋድ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ አብዛኞቹ ወፎች ወደ ግራር ጥላ ስለሚገቡ ሜዳው ባዶ ይመስላል፤ በማለዳ ግን ቆቅና ጅግራ መንገድ ዳር ይለቅማሉ፣ ከሚበርሩ ወፎች ሁሉ በክብደት ከቀዳሚዎቹ የሚቆጠረው ኮሪ በስተርድም በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ይራመዳል። እጅግ የወደድሁት በዚህ ወፍ ጀርባ ላይ ደማቅ ቀይ ንብ በል ወፍ ተቀምጦ ማየቴ ነው። ትልቁ ወፍ ሲራመድ ከሣሩ የሚያስነሣቸውን አንበጣዎች ትንሹ እየበረረ ይይዝና ተመልሶ ይቀመጣል፤ ይህን ለማየት መኪናውን አቁሞ ሞተር አጥፍቶ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ውሃ ዳር መቀመጥ ደግሞ ከመዞር የበለጠ ያሳያል። መልካቸው ከመሬቱ የማይለይና ርግብ የሚያክሉ የአሸዋ ወፎች አሉ፤ አንዳንዱ ዝርያ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ሌላው ሲመሽ ለመጠጣት ይመጣል። ወንዱ የሆዱን ላባ ውሃ ነክሮ ርቀው ላሉት ጫጩቶቹ ይወስዳል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ወንዱ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ለምን እንደሆነ ስለሚገባኝ ወደ ዳሩ ጠጋ ብዬ አላስደነግጠውም።

በግራሮቹ ላይ ምንቃረ ቀያዮቹን ትንንሽ ቀንዳም ወፎች ማግኘት አያስቸግርም። እንቁላል ስትጥል እናቲቱ በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃና በኩስ ትደፍናለች፣ ወንዱም በጠባብ ቀዳዳ ይመግባታል። በአዋሽ ፏፏቴ አጠገብ ባሉት ማረፊያዎች ደግሞ ጀርባው ሰማያዊ፣ ሆዱ ቡናማ ቀይ የሆነው አንጸባራቂ ወፍ ሰው ሳይፈራ ይቀርባል፤ ለጀማሪ ከእርሱ የተሻለ መለማመጃ የለም።

ሰጎን ለማየት ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ገዋኔ በሚወስደው መንገድ ወደ ሃላይደጌ ሜዳ ሄድሁ። የዚህ አካባቢ ሰጎን የሶማሌ ሰጎን የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ የወንዱ አንገትና ጭን ሰማያዊ ግራጫ ነው። በእንቁላሉ ላይ ቀን ሴቷ፣ ሌሊት ወንዱ ይቀመጣል፤ የሴቷ ቡናማ ላባ በቀን ከሜዳው ጋር ስለሚመሳሰል የምትታቀፈውን ከሩቅ መለየት አስቸጋሪ ነው፣ ብትገኝም መጠጋት አይገባም፤ ብትነሣ እንቁላሉ ለፀሐይ ይጋለጣል።

ከጅማ ለሚነሣ ሰው ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ እመክራለሁ፤ አየሩ ቀዝቀዝ ከማለቱም በላይ ከአውሮፓና ከእስያ የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎች ከነባሮቹ ጋር አብረው ይገኛሉ። ባይኖኩላርና በቂ የመጠጥ ውሃ ይያዝ፤ ጧት ከሆነ ፀሐይዋን ከኋላ አድርጎ መቆምም የላባውን ቀለም በትክክል ያሳያል።