የሳም እጆች

ትናንት ማታ ከአጎቴ ጋር «ካዛብላንካ» የሚባለውን የድሮ ፊልም እያየን ነበር። አጎቴ ዕድሜውን የፈጀው በየሰርጉ ኪቦርድ ሲጫወት ነው። ፊልሙ ላይ ሳም ፒያኖው ጋ ተቀምጦ መዝፈን ሲጀምር ሻዩን አስቀመጠና «አንተ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ፒያኖ አይችልም!» አለኝ። ሳቅኩበት። «ፊቱን ተወው፣ እጁን እየው» ብሎ ሁለቴ ወደ ኋላ አስመለሰኝ።

ፈልጌ ባነብ ልክ ነው ለካ! ሳምን የሠራው ዱሊ ዊልሰን ከበሮ መቺና ዘፋኝ ነበር። በ1886 (በፈረንጆቹ) ቴክሳስ ተወለደ፣ በ1920ዎቹ የራሱን ባንድ ይዞ አውሮፓን ዞረ፣ ፊልሙ በ1942 ሲወጣ ሃምሳ አምስትን አልፎ ነበር። ፒያኖውን የተጫወተለት ከካሜራ ውጭ የነበረ ሌላ ሙዚቀኛ ነው፣ ዊልሰን ቁልፎቹ ላይ እጁን ያንቀሳቅሳል። በ1953 እስኪሞት ድረስ ሰው የሚያውቀው ግን በዚችው ፒያኖ ነው። ከበሮውን ማን ያስታውሰዋል? (እኔም እስከ ትናንት አላውቅም ነበር።)

እኛ ስንቱን ሰው በማይችለው ነገር አጨብጭበንለት የሚችለውን ሳንጠይቀው ቀርተናል እያልኩ ስፈላሰፍ፣ አጎቴ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ኋላ አስመለሰኝ። «ድምፁስ የራሱ ነው?» አለኝ። የራሱ ነው አልኩት። «በል አሁን ዓይንህን ጨፍንና ስማው።»