ፋብሪካው በድር በኩል ገባ፦ ከክሮምፎርድ ንባቤና ከእንጨት ሞዴሌ

ፋብሪካ የሚባለው ነገር ከየት ተነሣ የሚለውን ጥያቄ ይዤ ማንበብ ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ። የኢንዱስትሪን ታሪክ ተከፋፍለን ከምናነበው መካከል ገሚሱ የእንፋሎት ሞተርን፣ ገሚሱ የባቡርን ታሪክ ይዟል፤ የእኔ ድርሻ ጥጥ ነው። ባለፈው የጻፍኩላችሁ እስከ ጆን ኬይ መወርወሪያ (የሸማኔውን ሥራ እስካፋጠነው መሣሪያ) ድረስ ያለውን ነበር። ዛሬ ከዚያ ወዲህ የደረስኩበትን፣ በተለይም በእጄ ሠርቼ ያየሁትን አካፍላችኋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስካሁን ካነበብኩት ሁሉ አንድ ነገር አልለቀኝ ብሏል። የጥጥ ፋብሪካ የተወለደው ከእንፋሎት ሳይሆን ከድር፣ ማለትም በሽመና ጊዜ በቁመት ከሚወጠረው ክር ነው። በእንፋሎት የሚሠራ የመጀመሪያው የጥጥ መፍተያ በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም አውራጃ፣ ፓፕልዊክ በሚባል ቦታ ሥራ የጀመረው በ1785 ነው። በዚያን ጊዜ በደርዌንት ወንዝ ሸለቆ ያለችው ክሮምፎርድ በውሃ ኃይል ስትፈትል 14 ዓመት ሊሆናት ምንም አልቀራት። ስለዚህ መልሱን መፈለግ ያለብን ከሞተሩ በፊት፣ ከክሩ ላይ ነው።

ሽመና ያየ ሰው ድርና ማግ እኩል እንደማይደክሙ ያውቃል። ድር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተወጥሮ ይውላል፤ ሸማኔው በረገጠ ቁጥር ይነሣል ይወድቃል፣ በመታ ቁጥር ይፋተጋል። በአግድም የሚገባው ማግ ግን በመወርወሪያው ገብቶ ቦታውን ይዞ ይተኛል። ማግ ለስለስ ቢል፣ እዚህም እዚያም ቢወፍር ችግር የለም፤ እንዲያውም ለልብሱ ምቾት ይሰጠዋል። ድር ላልቶ ከተበጠሰ ግን ሥራው ይቆማል።

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ያሉት የላንክሻየር ፈታዮች ችግር ይኸው ነበር። በእንዝርት መንኮራኩር የሚፈትሉት የጥጥ ክር ለማግ እንጂ ለድር አይበቃም። ስለዚህ ሸማኔዎቹ ድሩን ከተልባ እግር ክር፣ ማጉን ከጥጥ አድርገው ፈስቲያን የሚባለውን ቅይጥ ጨርቅ ይሠሩ ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥጥ የሆነውን፣ ቀጭኑንና ጠንካራውን ጨርቅ ለዓለም የሚሸጡት ሕንዶች ነበሩ። የእንግሊዝ ሱፍና ሐር ሠሪዎች የሕንዱን ጨርቅ መቋቋም ቢያቅታቸው ወደ ሕግ ሮጡ፤ በ1721 የወጣው አዋጅ አብዛኛውን የታተመ የጥጥ ጨርቅ መልበስን ከለከለ።

አንዷ እህታችን ጠይቃኝ ነበር፦ «ጄኒም እኮ ብዙ እንዝርት በአንድ ጊዜ ታሽከረክራለች፤ ታዲያ ለምን እሷ ፋብሪካ አልወለደችም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። የጄምስ ሃርግሪቭስ ስፒኒንግ ጄኒ በ1760ዎቹ አጋማሽ ስትሠራ ስምንት እንዝርት ነበራት። የምትሽከረከረው በእጅ ነው፤ ከቤት ጥግ ላይ ትቆማለች። ክሯም ለስላሳ ስለሆነ ለማግ እንጂ ለድር አትሆንም። የእጅ ፈታዮች እንጀራቸው እንደሚቀርባቸው ፈርተው በ1768 ማሽኖቹን ሰባብረውበት ወደ ኖቲንግሃም ተሰዷል። ቢሆንም ጄኒ ፈታዩን ከቤቱ አላወጣችውም፤ እቤቱ ሆኖ ብዙ እንዲፈትል አደረገችው እንጂ። ሰውን ከቤቱ አውጥቶ አንድ ግቢ ውስጥ የሰበሰበው ሌላው ማሽን ነው።

ያንን ማሽን በ1769 በስሙ ያስመዘገበው ሪቻርድ አርክራይት ነው፤ የፕሬስተን ሰው፣ ሥራው ፀጉር አስተካካይና ሰው ሠራሽ ፀጉር ሠሪ። ከእሱ ጋር የሠራው ሰዓት ሠሪም ጆን ኬይ ይባላል፤ ከመወርወሪያው ጆን ኬይ ጋር አታምታቱት፣ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሐሳቡ ራሱ አዲስ አልነበረም። ሉዊስ ፖልና ጆን ዋይት በ1738 ጥጥን በሮለር የመፍተል መብት አስመዝግበው፣ በርሚንግሃም ውስጥ አህያ የሚያሽከረክረው መፍተያ፣ ቀጥሎም ኖርዛምፕተን ላይ በውሃ የሚሠራ መፍተያ ተቋቁሞ ነበር። አልዘለቀም። ከ30 ዓመት በኋላ ያው ሐሳብ አርክራይትን ባለጸጋ ያደረገው ለምንድን ነው? ሞዴል ወደ መሥራት የገባሁት ይህ ጥያቄ እረፍት ስለነሣኝ ነው።

አሠራሩ በመሠረቱ እንዲህ ነው። ሁለት ጥንድ ሮለሮች በቅርብ ርቀት ይቆማሉ። የኋለኛው ጥንድ በዝግታ፣ የፊተኛው በፍጥነት ይዞራል። ባዘቶው (ተነድፎ የተዘጋጀው ጥጥ) በኋላ ገብቶ በፊት ሲወጣ፣ የፊተኛው ከሚመጣለት በላይ ስለሚስብ ይቀጥናል። ከዚያ እንዝርቱ ያከረዋል። በእጅ ስንፈትል ግራና ቀኝ ጣቶቻችን የሚያደርጉትን ነው ሁለቱ ጥንዶች የሚያደርጉት።

ሮለሮቹን አንድ አናጺ ከጠንካራ እንጨት አወጣልኝ፤ የላይኞቹን በቆዳ አለበስኳቸው። በሁለቱ ጥንዶች መካከል ያለውን ርቀት እየለዋወጥኩ እንድሞክር የፊተኛውን ጥንድ የሚይዘው ጣውላ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት ነው። ትምህርቱ ያለውም እዚህ ርቀት ላይ ነው። ጥንዶቹን አራርቄ ሳዞር ክሩ እየወፈረ እየቀጠነ መጣና ተላቀቀ፤ ምክንያቱም አጫጭሮቹ ቃጫዎች መካከል ላይ የሚይዛቸው አጥተው በዘፈቀደ ይሄዳሉ። በጣም ሳቀራርባቸው ደግሞ አንዱን ቃጫ ሁለቱም ጥንዶች ባንድ ጊዜ ይነክሱትና ወይ ይበጥሱታል ወይ ጭራሽ አይሳብም። የያዝኩትን ጥጥ በጣቴ እየሳብኩ የቃጫውን ርዝመት ለካሁ፤ ወደ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ነው። ጥንዶቹን ከዚያ ጥቂት ብቻ አስበልጬ ሳቆማቸው ክሩ እንደ ወራጅ ውሃ ወጣ። ያን ስመለከት የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም፤ ተነሥቼ ቤተሰቡን ሁሉ ጠርቻለሁ።

ሁለተኛው ምሥጢር ክብደቱ ነው። የላይኛው ሮለር የታችኛውን ጥብቅ አድርጎ ካልተጫነው ጥጡ ይንሸራተታል፤ እንዝርቱ የሰጠው አክርም (የክሩ መጠማዘዝ) ወደኋላ ሸሽቶ ሮለሮቹ መካከል ይገባል። አንዴ አክር ከገባበት ባዘቶው አይሳብም። ከላይኛው ሮለር ላይ በገመድ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንጠልጥዬ ነው መፍትሔ ያገኘሁት። አርክራይትም ሮለሮቹን በክብደት ይጫን ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩትን ያሰናከላቸው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ይኸው የርቀትና የክብደት ጉዳይ ነው፤ ሞዴሉን ካዞርኩ ወዲህ አባባሉን ሙሉ በሙሉ አምኜበታለሁ።

እንዲህ ተስቦና ጠብቆ የከረረ ክር ለድር ይሆናል። ችግሩ ግን ማሽኑ ከባድ ነው፤ እንዝርቶቹ ሲበዙ የሰው ክንድ አይችለውም። አርክራይት መጀመሪያ ኖቲንግሃም ውስጥ በፈረስ ሞከረ። ፈረስ ቀለብ ይፈልጋል፣ ይደክማል። ስለዚህ በ1771 ከካልሲ ነጋዴዎቹ ከጄዴዲያ ስትራትና ከሳሙኤል ኒድ ጋር ተሻርኮ ወደ ክሮምፎርድ ወረደ። እዚያ ሁለት ውሃ አለ፦ የቦንሶል ጅረትና ከእርሳስ ማዕድን ጉድጓዶች የሚወጣው የፍሳሽ ውሃ። የማዕድኑ ውሃ ሞቅ ያለ በመሆኑ ክረምታቸው ሲበረታ እንኳ አይረጋም፤ መዘውሩ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል። ከንባቤ ሁሉ ይህቺን ዝርዝር እወዳታለሁ።

እንግዲህ ፋብሪካው የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ውሃን ወደየሰው ቤት ማድረስ አይቻልም፤ ሰው ወደ ውሃው ይመጣል። በታኅሣሥ 1771 ደርቢ መርኩሪ በተባለው ጋዜጣ ላይ የወጣው የቅጥር ማስታወቂያ ጥርስና ማርሽ የሚያውቁ ሰዓት ሠሪዎችን፣ ብረት ቀጥቅጦ የሚሞርድ አንጥረኛን ይፈልጋል፤ ለአካባቢው ሸማኔዎች፣ ለሴቶችና ለልጆችም ሥራ እንዳለ ይናገራል። የዘመኑ ቅጥር ምን እንደሚመስል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም። ሰዓት ሠሪው ማሽኑን ያቆማል፣ ሴቷና ልጁ ማሽኑን ይጠብቃሉ።

ሥራው ቀንና ሌሊት በሁለት ፈረቃ ነበር፤ ፀሐይ ስትወጣ ተነሥቶ ስትጠልቅ የሚተኛ የገጠር ሰው በደወል መግባትና በደወል መውጣት ተማረ። ያረፈደ ደመወዙን ያጣ ነበር። በ1776 አርክራይት ለሠራተኞቹ ኖርዝ ስትሪት የሚባለውን የቤቶች ረድፍ ሠራ። ቤቶቹ ባለሦስት ፎቅ ናቸው፤ የላይኛው ፎቅ የሽመና ክፍል ነው። እናትና ልጆች ፋብሪካው ውስጥ ክሩን ይፈትላሉ፣ አባት ፎቅ ላይ ይሸምናል። የአንድ ቤተሰብ ሥራ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ገና ቤት ውስጥ ነው፤ ግማሹ ግን ደወል ሥር ገብቷል።

ልጆች ስል በቀላሉ አልፌው መሄድ አልፈልግም። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ የሚሠሩ ነበሩ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከዘጠኝ ዓመት በታች ያሉትን መቅጠር የከለከለውና ከዘጠኝ እስከ 13 ዓመት ላሉት የሳምንቱን ሥራ በ48 ሰዓት የወሰነው ሕግ የወጣው በ1833 ነው፤ ያንንም እንዲያስከብሩ ለአገሩ ሁሉ የተሾሙት ተቆጣጣሪዎች አራት ብቻ ነበሩ። ከክሮምፎርድ እስከዚያ ከ60 ዓመት በላይ ነው። በሌላ በኩል ጥጡ ራሱ እንግሊዝ አገር አይበቅልም። መጀመሪያ በብዛት ከካሪቢያን ደሴቶችና ከሜዲትራኒያን ምሥራቅ፣ ኤሊ ዊትኒ በ1793 የጥጥ መዳመጫ ማሽኑን ከሠራ በኋላ ደግሞ ከዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ይመጣ ነበር። የካሪቢያኑንም የአሜሪካኑንም የሚለቅሙት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። የፋብሪካን ልደት የሚተርክ ሰው ይህን ከጎኑ ካላስቀመጠ የተረከው ግማሹን ነው።

ወደ ድሩ ልመለስ። በ1773 ስትራትና ኒድ ደርቢ ላይ ድሩም ማጉም ጥጥ የሆነ ጨርቅ አሠሩ። አሁን የ1721ዱ አዋጅ መልሶ የራሳቸውን አገር ሰዎች አሰረ። አርክራይትና ሸሪኮቹ ፓርላማ ፊት ቀርበው ተከራከሩ፤ በ1774 በእንግሊዝ አገር የተፈተለ ሙሉ ጥጥ ተፈቀደ፣ ቀረጡም ተቀነሰ። ከሕንዱ እንዲለይም በጨርቁ ጠርዝ ላይ ሦስት ሰማያዊ የድር ክር እንዲገባበት ተደነገገ። ሕጉ ከማሽኑ እኩል ድርሻ አለው ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ክሩ ቢኖርም የሚሸጥበት ገበያ የተከፈተው በአዋጅ ነው።

ይህን ሁሉ አንብቤ ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ዘንድ ቁጭ አልኩ። ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ዛሬ በአገራችን አብዛኛው ሸማኔ የሚሠራው እንዲህ መሆኑን ታውቃላችሁ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ የእጁ ድር ሲሆን ስቀጥል ነው የምውለው፤ ማጉ ግን የእጅ ካልሆነ ልብሱ አይሞቅም፣ አይለሰልስም» አሉኝ። ከክሮምፎርድ ዘመን የተነሣው ክፍፍል በዓይኔ ፊት ነበር። ፋብሪካው እኛ ዘንድም በድር በኩል ገብቷል፣ ማጉን ግን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልወሰደውም። እንግሊዞቹ ዘንድ ማጉም ብዙ አልቆየም፤ በ1779 የቦልተኑ ሳሙኤል ክሮምፕተን የሮለሩንና የጄኒን አሠራር አዳቅሎ ሚዩል የተባለችውን ማሽን ሲሠራ፣ ቀጭኑ ማግም ቀጭኑ ድርም ከማሽን ወጣ።

ቀጥዬ የያዝኩት ጥጥ ማባዘቻውን ነው። አርክራይት በ1775 ያስመዘገበው ሁለተኛው መብት በዋናነት ስለ እሱ ነው፤ ፍርድ ቤት በ1785 ይህን መብት የሰረዘበትን ክርክርም አብሬ እያነበብኩ ነው። ለሞዴሌ የሚሆን ጥርሳም ቆዳ መሥራት ግን አቅቶኛል፤ ሽቦውን በእኩል ርቀት ቆዳ ላይ መትከል ከባድ ነው። የደጋን አነዳደፍ ከእናቶቻችሁ የተማራችሁ፣ ወይም ሽቦ ማጠፍ የምትችሉ ካላችሁ ጻፉልኝ። ባዘቶው ከተስተካከለልኝ የሚቀጥለው ሥራዬ በሮለሩ የወጣውን ክር ለእኚያ ሸማኔ ወስጄ ለድር ይበቃ እንደሆነ ማስሞከር ነው፤ ሊሞክሩልኝ እሺ ብለዋል።